በገና ይመታል ወይስ ይደረደራል?

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ ደሴ በገና ትማራለች። «ዛሬ በገና መታሁ» ብትል መምህሯ «በገና አይመታም፤ ይደረደራል» ብለው አረሟት። ክራር ግን ይመታል እንላለን። ሁለቱም ባለ አውታር ሆነው ግሡ ለምን ተለያየ?

መልስ፦ መምህሯ ልክ ናቸው። «መታ» ሰፊ ግሥ ነው፤ ከበሮንም ክራርንም ማሲንቆንም ይችላል። «ደረደረ» ግን እጁ የሚሠራውን ይናገራል። በገና 10 አውታር አለው። ደርዳሪው በግራ እጁ ጣቶች አንድ በአንድ ይነካቸዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም፤ የቀሩት ጣት ነክቶ ሲመለስ የሚያርፍባቸው ናቸው። ክራር ሲመታ ቀኝ እጅ 5ቱን ወይም 6ቱን አውታር ባንዴ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን ይዘው ዝም ያሰኛሉ። ይኸው ክራር በጣት አንድ በአንድ ሲነካ «ደረደረ» ቢባል ያምርበታል።

የበገና ድምፅ «ይነዝራል» መባሉም ከአሠራሩ የመጣ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። (በመዝሙረ ዳዊት እንዚራ ራሱ የዜማ መሣሪያ ስለሆነ ሁለቱ እንዳይምታቱብዎ።) የልጅዎ በገና ካልነዘረ ጣቷን ከመውቀስ በፊት እንዚራውን ይዩት። አውታሩን እየነኩ ቆዳውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተት ነው፤ ቦታውን ሲያገኝ አውታሩ በተርገበገበ ቁጥር ይነዝራል። አንዱን አስተካክሎ መተው አይበቃም፤ እያንዳንዱ አውታር የራሱን ይፈልጋል።

ማሲንቆ በደጋን ስለሚፈተግ «ገዘገዘ» የሚሉት አሉ፤ ነቀፋ የለበትም። ነጋሪት ይጎሰማል። ስሙ «ነገረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ አዋጅ ነጋሪ ነበርና።

ዋሽንትም እምቢልታም ይነፋሉ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጸሐፊ ይሳሳታል፦ «አንድ እምቢልተኛ ዜማውን ነፋ» ብሎ ይጽፋል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ለብቻው ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በላይ አያወጣም። ዜማው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ሲነፉት ነው። ስለዚህ «ነፉት» ይባል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው አንድ ልጨምር። አምባሰልና ባቲ ለእናንተ የቅርብ አገር ናቸው፤ ለክራር ደግሞ ቅኝት። «ቃኘ» ሁለቱንም ስለሚያገለግል ልዩነቱን የምትሸከመው «በ» ናት። «ክራሩን በባቲ ቃኘው» ካሉ አውታሩን አስማማ ማለት ነው፤ «ባቲን ቃኛት» ካሉ ግን ሰውየው ከተማዋን ዞሮ አይቷል።