የ22 ወር ልጄ የአባቱን ዘመዶች አይቀርብም፤ አሞላቅቄው ይሆን?

ጥያቄ፦ የ22 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ከእኔና ከአባቱ ጋር ሲሆን ሳቂታና ተጫዋች ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ሲመጡ ግን ገና በሩ ሲንኳኳ እግሬ ላይ ይጠመጠማል። የባለቤቴ ታላቅ እህት በጣም ስለሚወዱት ከእቅፌ ወስደው ሊስሙት ይሞክራሉ፤ እሱ ግን ጀርባውን ገትሮ ይጮኻል። ባለፈው ፊታቸውን በጥፊ መታቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። «ልጁን ከእኛ ለይተሽ ነው ያሳደግሽው» ብለውኝ ተቀይመው ሄዱ፤ ባለቤቴ አንድም ቃል አልተነፈሰም። አማቴ ደግሞ «ለእኛ ትተሽልን ውጪ፤ አልቅሶ አልቅሶ ይለምዳል» ይላሉ። አሁን ሊመጡ ነው ሲባል ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ሰበብ እየፈለግሁም ማስቀረት ጀምሬያለሁ። ልጄ ሕመም ይኖረው ይሆን? ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ ይበልጥ ያስጨነቀዎትን ጥያቄ ላስቀድም። የጻፉልኝ ነገር ብቻውን የሕመም ምልክት አይደለም። ሕፃናት ያልለመዱትን ሰው መፍራት የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ወይም ከ9 ወር ገደማ አንሥቶ ነው፤ ከወላጅ የመለየት ፍርሃት ደግሞ ከ10 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ጎልቶ ይታያል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ልጁ ሲታመም፣ እንቅልፍ ሲጎድለው ወይም የቤቱ ሁኔታ ሲለወጥ ይህ ፍርሃት ተመልሶ መምጣቱ የተለመደ ነው። በዚህ ላይ የተፈጥሮ ጠባይ ይጨመርበታል፤ በሕፃናት ጠባይ ላይ ለብዙ ዓመታት ምርምር ያደረጉት ጀሮም ኬጋን ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት አዲስ ሰው ወይም አዲስ ነገር ሲገጥማቸው ወደ ኋላ የሚሉ መሆናቸውን አሳይተዋል። ይህ ጠባይ ገና ከጨቅላነት የሚታይ እንጂ እናት በማሞላቀቅ የምታመጣው አይደለም።

ልጅዎ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የፈለገውን በጣቱ የማያመለክት፣ ከእርስዎና ከአባቱ ጋር እንኳ ዓይን ለዓይን የማይተያይ፣ ወይም ቀድሞ ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት የተወ ቢሆን ኖሮ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት ባልኩ ነበር። ከእናትና ከአባቱ ጋር የሚስቅና የሚጫወት ልጅ መሆኑን ስለነገሩኝ ያን ያህል አልሠጋሁም። ሆኖም የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ18 እና በ24 ወር ለሁሉም ልጆች የኦቲዝም የመለያ ምርመራ እንዲደረግ ስለሚመክር፣ ልጅዎ ሁለት ዓመት ሲሞላው በመደበኛው የጤና ክትትል ላይ ጉዳዩን ቢያነሡት መልካም ነው።

አሁን እርስዎ በመጨረሻ ወደ ጠቀሱት፣ እኔ ግን ዋናው ነው ወደምለው ነገር ልምጣ፤ እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል የእርስዎንም ሆድ የሚቆርጥ መሆኑን ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ላይ የ12 ወር ሕፃናት ከላይ በመስታወት የተሸፈነ፣ ገደል የሚመስል ቦታ ላይ እንዲደርሱ ተደረገ። ሕፃናቱ ሊሻገሩ ሲሉ ቆም ብለው ማዶ ያለችውን እናታቸውን ፊት ይመለከቱ ነበር። እናታቸው የደስታ ፊት ካሳየቻቸው 19 ሕፃናት 14ቱ ሲሻገሩ፣ የፍርሃት ፊት ካዩት 17 ሕፃናት ግን አንድም አልተሻገረም። የእርስዎ ልጅም አክስቱ እጃቸውን ሲዘረጉ አስቀድሞ የሚያነበው እርስዎን ነው። በዚያች ቅጽበት ትንፋሽዎን ይዘው፣ ክንድዎን አጥብቀው፣ በግድ ፈገግ ብለው ከሆነ፣ ልጁ ፈገግታውን ትቶ የክንድዎን መጥበቅ ያምናል። ይህን ስል ጥፋተኛ ላደርግዎ አይደለም፤ ከዚያ ሁሉ ወቀሳ በኋላ ማንም ሰው ሰውነቱ ይገታራል። ነገር ግን ጉብኝቱን በሰበብ ባስቀሩ ቁጥር የሚሰማዎት እፎይታ ለሚቀጥለውም ሰበብ እንዲፈልጉ ያደርግዎታል፤ ዘመዶቹም እያደር ለልጁ ይበልጥ ባዕድ ይሆናሉ። ስለዚህ ማስቀረቱ ይብቃ፤ የሚለወጠው የጉብኝቱ አካሄድ ይሁን።

የአማትዎ ምክር ግማሹ እውነት ነው። ልጅ ከእናቱ ውጭ ሌሎች ሰዎችንም ሊወድና ሊተማመንባቸው ይችላል፤ ይገባዋልም። ሩዶልፍ ሻፈርና ፔጊ ኤመርሰን በግላስጎው 60 ሕፃናትን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕፃናቱ 18 ወር ሲሞላቸው አብዛኞቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ሰዎች ጋር ጥብቅ ቁርኝት እንደነበራቸው አሳይተዋል። ከሁሉ ይልቅ የልጁን ልብ ያገኘው አብሮት ረጅም ሰዓት የዋለው ሰው ሳይሆን የልጁን ምልክት አይቶ ቶሎ ምላሽ የሰጠው ሰው ነበር። ቀሪው የምክሩ ግማሽ ግን ይቅር። አልቅሶ አልቅሶ ዝም ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ የደከመው እንጂ የለመደ አይደለም፤ የሚማረውም ነገር ቢኖር እነዚህ ሰዎች ሲመጡ እናቱ እንደምትጠፋ ነው። መለየቱ በደረጃ ይሁን፤ መጀመሪያ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆነው ራቅ ይበሉ፣ ሌላ ቀን «ውኃ አምጥቼ እመጣለሁ» ብለውት ለአፍታ ወጥተው ይመለሱ። ሳይነግሩት ተሰውረው መውጣትን አልመክርም።

ጥፊውን በተመለከተ፣ ነገሩን ከልጁ ቁመት ሆነው ይመልከቱት። አንድ ትልቅ ፊት ከላይ ወደ እሱ ይወርዳል፣ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ሁለት እጆች ብብቱ ሥር ገብተው ከእናቱ ደረት ያላቅቁታል። ልጁ መጀመሪያ ፊቱን አዞረ፣ ቀጥሎ ጀርባውን ገተረ፣ ከዚያም ጮኸ፤ ሦስቱንም የሰማው አልነበረም። «አልፈልግም» ብሎ በእርጋታ ለመናገር በ22 ወር ዕድሜ፣ ያውም በድንጋጤ ውስጥ፣ አቅሙ የለውም። ይህ ግን መምታትን አያስፈቅድም። ቢደግመው እጁን ቀስ ብለው ይያዙና በአጭሩ «መምታት የለም፤ ያማቸዋል» ይበሉት። እንዳይስቁበት፣ እንዳይመቱት፤ ይቅርታ ካልጠየቅህ ብለው ግብ ግብ ውስጥም አይግቡ፤ በዚህ ዕድሜ የይቅርታን ትርጉም አይረዳም። ከእሱ ይልቅ እርስዎ ራስዎ አክስቱን «አይዞዎት፣ አመመዎት?» ሲሉ ይስማ። ደግሞም በልጁ ፊት «ይሄ ልጅ ሰው አይወድም» ማለት ይቅር፤ ካልተኛህ ወይም ካልበላህ አክስትህ ይዘውህ ይሄዳሉ ብሎ ማስፈራራትም በቤቱ ውስጥ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ዘመድን ማስፈራሪያ አድርጎ ካሳደጉት በኋላ እቀፋቸው ማለት ለልጁ ግራ ነው።

እንግዲህ ወደ አዋቂዎቹ። የባለቤትዎ እህት የተናገሩት ቃል ከባድ ቢሆንም መነሻው ፍቅር ይመስለኛል፤ የሚወዱት ልጅ በሰው ፊት ስለገፋቸው አፍረዋል፣ ሐፍረታቸውንም በእርስዎ ላይ አወረዱት። በእኔ እምነት በዚያ ቀን ከጥፊውም ከቃሉም የበለጠ የጎዳዎት የባለቤትዎ ዝምታ ነው። ከእህታቸው ጋር መነጋገር ያለባቸውም እሳቸው ናቸው፤ እርስዎ ቢሞክሩት፣ ምንም ያህል ቢጠነቀቁ፣ ራስዎን ለመከላከል እንደተናገሩ ተቆጥሮ ነገሩ ይካረራል። ባለቤትዎ ከሚቀጥለው ጉብኝት በፊት ብቻቸውን ይደውሉ። ክርክርና ማን ጥፋተኛ ነው የሚል ነገር አያስፈልግም፤ ለምሳሌ እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «እታለም፣ ያን ቀን ዝም ማለቴ ልክ አልነበረም፤ አንቺም እሷም ተጎዳችሁ። ልጁ አንቺን ጠልቶ አይደለም፣ ሰው ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ቅዳሜ ብቻሽን ነይና አብረሽው ተጫወቺ፤ እንዴት እንደሚቀርብ አሳይሻለሁ።» እህትየው ሥራ ሲሰጣቸው ከተከሳሽነት ወደ አጋዥነት ይሻገራሉ።

በዚያ ቀን ልጁ የቀን እንቅልፉን ጨርሶ የተነሣ ይሁን፤ ሌላ ሰው አይጋበዝ። አክስቱ ሲገቡ ከእርስዎ ጋር ብቻ ሰላም ይባባሉ፤ እርስዎም እውነተኛ ወሬ ጀምረው ዘና ይበሉ፤ ልጁ የሚያየው ያንን ነውና። ከዚያ አክስቱ መሬት ላይ፣ ወደ ልጁ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎናቸውን ሰጥተው ይቀመጡ፤ ዓይኑን ትኩር ብለው አይዩት። በእጃቸው ክዳኑ የሚከፈትና የሚዘጋ አንድ ዕቃ ይዘው በዝግታ ይጫወቱበት። ልጁ አሥር ደቂቃ ከእግርዎ ሥር ሆኖ ሊመለከት ይችላል፤ አንዳንዱ ልጅ አንድ ሰዓት ይወስድበታል፤ ማንም አይገፋፋው። መጀመሪያ የሚመጣው አንድ ነገር ይዞ ሲሆን፣ ያንን ነገር ሰጥቷቸው ወደ እርስዎ ይሮጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው፤ ቀረበ ብሎ ያቅፈዋል፣ ልጁም ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምራል። አክስቱ ዕቃውን ተቀብለው «አመሰግናለሁ» ብለው ይመልሱለት። ይህ መስጠትና መቀበል ሲደጋገም ርቀቱ በራሱ እየጠበበ ይሄዳል። በየመሃሉ በቪዲዮ ጥሪ መነጋገርም ይረዳል፤ ከላይ የጠቀስኩት አካዳሚ ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን እንዳይፈቀድ ሲመክር እንኳ የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ አውጥቶታል።

በሁለት ወር አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ከሚመጣ ቤተሰብ ይልቅ በየሳምንቱ ለአጭር ጊዜ ብቅ የሚል አንድ ሰው ልጁን በተሻለ ይለማመደዋል። ስለዚህ አክስቱ ከመሄዳቸው በፊት፣ ልጁ ቢስማቸውም ባይስማቸውም፣ የሚቀጥለውን ቀን እዚያው በሩ ላይ ይቁረጡ። «ሳማቸው» አይበሉት፤ በእጁ ቻው ካለ ደስ ይላል፣ ካላለም እርስዎ በእሱ ፈንታ ቻው ይበሏቸው።