«ተነሳሽነት ይጎድላታል» ለተባላችሁ ልጆቼ

እንዴት ናችሁ ልጆቼ፣ በተለይ ደሴና ኮምቦልቻ ሥራ የጀመራችሁ። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ የ6 ወር ምዘናዋን ይዛ መጣች፣ «መካከለኛ» ይላል፣ አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ «ተነሳሽነት ይጎድላታል» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ምን ላይ? መቼ? የለም። መዝገብ ቤት አምሽታ ባለጉዳይ የምትሸኝ ልጅ ከዛ ቀን ወዲህ ሰዓቷን ጠብቃ ገብታ ሰዓቷን ጠብቃ መውጣት ሆነ ሥራዋ። በጣም አዘንኩ።

እኔም በወጣትነቴ አንድ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ስሠራ አለቃዬ ስብሰባ ላይ በሰው ፊት «አንተ ግድየለሽ ነህ» አለኝ። እራት ሳልበላ ነው ያደርኩት። በማግስቱ ማሽኑ ጋ ቆሜ የማስበው ስለ ክሩ አይደለም ስለ ራሴ ነው፣ እውነት ግድየለሽ ነኝ? እነ እገሌስ ምን አሉ? እያልኩ ድሩ ሲበጠስ ዘግይቼ ነው የማየው፣ ጨርቁ እየሰረዘ፣ መስመር እያወጣ ይሄዳል።

ከወራት በኋላ ሌላ ፎርማን መጡ። አንድ ማታ ፈረቃ ላይ ማሽኑን አስቁመው «ትላንት የሠራኸው 7 ቦታ ሰርዟል፣ ሁሉም በግራ በኩል ነው፣ ና» ብለው እጄን ይዘው ድሩ ላይ አሳረፉት፣ ለካ የላላ ክር በጣት ይታወቃል። «አብሽር፣ ቶሎ ቶሎ ዳብሰው» ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ ተመልሰው መጡና «ዛሬ 3» አሉኝ። ደሞዝ የጨመረልኝ የለም ግን ለቀጣዩ ፈረቃ ማንም ሳይጠራኝ ቀድሜ ገባሁ።

ይሄ የኔ ብቻ አይደለም። እኤአ በ1996 ክሉገርና ዴኒሲ የሚባሉ ተመራማሪዎች 607 የጥናት ውጤቶች አንድ ላይ አድርገው ሲያዩ ፊድባክ፣ ማለትም ስለ ሥራችን የሚሰጠን አስተያየት፣ በአማካይ ሥራን ያሻሽላል፣ ከሲሶ በላይ በሚሆነው ላይ ግን ጭራሽ አውርዶታል። ሐሳባችንን ከሥራው አንስቶ ወደ ራሳችን ሲያዞረው ይጎዳል ነው የሚሉት። ሙገሳም ቢሆን ያው ነው፣ «ጎበዝ ነሽ» ብቻውን ምን እንደምትደግሚ አይነግርሽም።

እኛ ጋ ደግሞ ግምገማ የሚለው ቃል ራሱ ያስደነግጣል። ወሎ ላይ ሌላም አለብን፣ ሰው እንዳይከፋው ብለን ቡና ጀባ እየተባባልን 6 ወር ሙሉ «አብሽር ጥሩ ነው» እንላለን፣ ጉድለቱ ፎርሙ ላይ ድንገት ይወጣል። ደግነት ይመስለናል እንጂ በደል ነው፣ አለቃ የሆናችሁ ወይ ነገ የምትሆኑ እባካችሁ ተውት፣ ጉድለቱን በዛው ቀን ለብቻው ጠርታችሁ ንገሩት።

የእህቴን ልጅ «አለቃሽ ጋ ግቢና የቱ ሥራ ላይ እንደሆነ አንዱን ይንገሩኝ በያቸው» አልኳት። ፈራች፣ ግን ገባች። መልስ ሳያገኙ የከረሙ ደብዳቤዎች ናቸው አሏት፣ በስም ቆጠሩላት። አሁን መከታተያ ደብተር ከፍታለች፣ ትላንት ማታ አሳየችኝ፣ የቀራት አንድ ነው፣ እሱም ፊርማ ነው የሚጠብቀው።