መልስ፦ ድፍርስ ውሃ የእንቁራሪት እጭን ያቀጭጫል ወይ?

ወንድሜ፣ ጣና ዳር በክረምት ያየሃቸው የእንቁራሪት እጮች የቀጨጩት በደለል ይሆን ወይ ብለሃል። አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ እጮች ድንጋይና ደንገል (ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅሙ ተክል) ላይ የሚለጠፈውን አልጌ፣ ያንን አረንጓዴ የውሃ ተክል መሳይ ነገር፣ እየፋቁ ነው የሚበሉት። ውሃው ሲደፈርስ ብርሃን አይገባም፣ አልጌውም አያድግም። ያለውንም ጭቃ ይሸፍነዋል። ሆዳቸው ይሞላል፣ ግን በአፈር ነው! እድገታቸው ይዘገያል፤ እግር አውጥተው ከውሃ ሲወጡም ትናንሽ ይሆናሉ።

አምና ሐምሌ ጣና የሚገባውን የጉማራን ወንዝ ውሃ በሃይላንድ ቀድቼ አሳደርኩት። ጠዋት ታቹ ጭቃ ተኝቷል፤ ላዩ ግን ገና ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። እኔን የሚያንገበግበኝ የደንገሉ መመንጠር ነው። ደለሉን የሚያስቀርልን እሱ ነበር።

አንተም ከደንገሉ ውስጥና ከውጭ ቀድተህ አወዳድር። የእጮቹንም ቁጥር እይ፤ መጨናነቅም ያቀጭጫቸዋል።