ለማን የተለቀሰ ነው?

እህታችን «ፊልሙን ረስታችሁት ሙዚቃው ግን ከጆሯችሁ ያልወጣ የቱ ነው? ለምንስ? ለቤተሰብ የፊልም ምሽት የሚሆንም ጠቁሙኝ» ብላ ጠይቃለች። በአጭሩ መመለስ አቃተኝ። ጉዳዩ የልጅነቴም የእንጀራዬም ነው። እዚህ ጎንደር የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ ኤዲትም አደርጋለሁ።

እኔ ፊልምን ከማየቴ በፊት ሰምቼዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ ተሰቅሏል። ሰው እንዲገባ ስፒከሩን ደጅ ያወጡታል። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። እሷም ሁልጊዜ አትገኝም። ሳጣ ግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ፊልሙን በጆሮዬ እጨርሰዋለሁ። ሙዚቃው ሲፈጥን ፈረስ እየጋለበ ነው። ድንገት ዝም ካለ ሰው ሊሞት ነው። የህንድ ፊልም ከሆነ ደግሞ አንዲት ቃል ሳይገባን ዘፈኑን በቃላችን እንይዘዋለን።

ከዚያ ድንጋይ ላይ የያዘችኝ የመጀመሪያዋ ዜማ የ«ሾሌይ» አርሞኒካ ናት። ፊልሙ እ.ኤ.አ በ1975 የወጣ ነው፣ ሙዚቃው የአር ዲ ቡርማን። ዜማዋ ቀጭን ናት፣ ታዝናለች፣ ወዲያው ታልቃለች። ለምን እንደምታዝን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ሃምሳ ሳንቲም አግኝቼ ገባሁ። አሚታብ ባቻን ማታ ደጅ ተቀምጦ አርሞኒካ ይነፋል። ፊት ለፊት ባለው ትልቅ ቤት ሰገነት ላይ ባሏ የሞተባት፣ ነጭ የለበሰች ወጣት ፋኖሶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። እሱ አይጠራትም። እሷም አትናገርም። አርሞኒካው ብቻ ነው መሃላቸው የሚመላለሰው። ያኔ እኛ ጋ «አክተሩ አይሞትም» የሚል ሕግ ነበረን። አሚታብ ሞተ። ያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ አሞኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።

አሁን ወደ መልሴ ልምጣ። ከሁሉም የምወደው የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ኤንዮ ሞሪኮኔ ለ«ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» የሠራውን ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ የ1968 ነው፣ ዳይሬክተሩ ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ። በተለምዶ ፊልሙ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ነው ሙዚቃ የሚሠራለት። እነሱ ገለበጡት። ሞሪኮኔ ዋና ዋናዎቹን ዜማዎች አስቀድሞ ጻፈ፣ ሊዮኔ ደግሞ ቀረጻው ላይ እያስከፈተ ተዋንያኑን በሙዚቃው አንቀሳቀሳቸው። ለዚህ ነው ሰዎቹ ሲራመዱ እንኳ ምት የሚጠብቁ የሚመስሉት። ዋናው ሰውዬ ስም የለውም። አንገቱ ላይ በተንጠለጠለው አርሞኒካ ነው የሚጠሩት። መናገር ሲገባው ይነፋል።

ይሄን ዜማ አንድ ጊዜ ለአንድ አዛውንት አዝማሪ በስልኬ አሰማኋቸው። ሰርግ ላይ አብረን ስንሠራ የተዋወቅን ናቸው። ድግሱ አልቆ፣ ዳሱ ሥር ቁጭ ብለን መኪና እየጠበቅን ነበር። መሰንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስለ ፊልሙ ምንም አልነገርኳቸውም። ሲያልቅ «ለማን የተለቀሰ ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ደጋኑን አነሱና ሞከሩት። አንዲቷን የጭራ ክር በጣታቸው ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ዜማዋን ፈለጓት። «ይቺ ወደ ላይም አትወጣ፣ ወደ ታችም አትወርድ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነገር ናት» አሉ።

አሁን የምጽፈው የፊልሙን መጨረሻ ይገልጣል። ያላያችሁት ይሄን አንቀጽ ዝለሉት። አርሞኒካው ከየት እንደመጣ የምናውቀው ታሪኩ ሊያልቅ ሲል ነው። ሰውዬው ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙን አንገቱ ላይ ገመድ አስገብተው የልጁ ትከሻ ላይ አቆሙት። ልጁ ከወደቀ ወንድሙ ይሰቀላል። ክፉው ሰውዬ መጥቶ አርሞኒካውን ልጁ አፍ ውስጥ ሰካው። ልጁ በተነፈሰ ቁጥር አርሞኒካው ይጮሃል። እስከዚያች ደቂቃ ሙዚቃ እያልን ስንሰማ የቆየነው የዚያን ልጅ ትንፋሽ ነው። አዝማሪው ይሄን ምስሉን ሳያዩ ነው የደረሱበት። ያን ማታ ነው ሞሪኮኔ ምን ያህል ትልቅ ሰው እንደሆነ የገባኝ። ኦስካር በውድድር ያሸነፈው እ.ኤ.አ በ2016 ነው፣ ሰማንያ ሰባት ዓመት ሞልቶት። በጣም ዘግይተዋል።

እኔ የምወደው እንዲህ ያለውን ነው። ሙዚቃው ከላይ የተጨመረ ሳይሆን ታሪኩ ውስጥ ካለ ሰው እጅ የሚወጣውን። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ላይ የሙላቱ አስታጥቄን ዜማዎች ሲጠቀም እንዲሁ አድርጓል። ለፊልሙ ዋና ሰውዬ ኢትዮጵያዊ ዝርያ ያለው ጎረቤቱ ሲዲ ቀርጾ ይሰጠዋል፣ እሱም መኪና ውስጥ እየሰማ አሜሪካን ይዞራል። «የከርሞ ሰው»ን እዚያ ስሰማ ኩራቱ ሌላ ነበር። ዘመድ ሰው አገር ድረስ ሄዶ ተከብሮ እንዳየሁት ሆነብኝ።

ስለ «ታይታኒክ» ዝም ብል ያስቀይመኛል። የጄምስ ሆርነር ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ የ1997። ያቺ እንደ ዋሽንት ያለች የአይሪሽ ድምፅ ስትጀምር እኔም ሆዴ ይባባል። ግን እዚህ ከተማ ሙሽሮች ፋሲል ግቢ ወይም ፋሲለደስ መዋኛ ሄደው ከተቀረጹ በኋላ «የታይታኒክን አድርግልን» የማይሉበት ሳምንት የለም። ወንድሞቼ፣ መርከቡኮ ይሰምጣል። ልጁም ይሞታል። ለሰርግ አይሆንም እያልኩ እለምናለሁ።

ከሥራዬ የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንዲት ሙሽራ እናት ልጃቸውን ሲመርቁ ቀረጽኩ። ጉልበታቸውን አስይዘው «ዘርታችሁ ቃሙ፣ ወልዳችሁ ሳሙ» እያሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ እንዲያምር ብዬ ድምፃቸውን ዘጋሁና ትልቅ የፊልም ሙዚቃ ጫንኩበት። ቪዲዮውን ሳስረክብ እናትየው እስከ መጨረሻው አዩና «ልጄ፣ ድምፄስ?» አሉኝ። ጥሬው ፋይል ጠፍቶ ነበር። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ ምርቃት፣ ለቅሶና እልልታ ላይ ሙዚቃ አልጭንም። እውነተኛው ድምፅ ካለ ሙዚቃው ይጠብቅ።

የራሳችን ሰው ሳልጠራ አልጨርስም። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ ነው። አባቱም ቲያትር እየጻፉ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ በ2008 በቬኒስ የተሸለመበትን «ጤዛ»ን ያላያችሁ እዩት። ዋናው ሰውዬ አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ በደርግ ዘመን እናቱ ዘንድ ይገባል፣ ጣና አጠገብ ያለች መንደር። ሙዚቃው የሳክስፎን ተጫዋቹ የጆርጋ መስፍንና የፒያኖ ተጫዋቹ የቪጄይ አይየር ነው። እኔ ያየሁት ከአጎቴ ጋር ነው። አጎቴ ያን ዘመን ኖሮበታል። ፊልሙ አልቆ ስሞቹ ሲያልፉ ሪሞቱን አነሳሁ። እጄን ያዘና «ተወው፣ ይጨርስ» አለኝ። ጨለማ ውስጥ እስከ መጨረሻው ሰማን።

እህቴ፣ ለቤተሰብ ምሽት በ«ሾሌይ» ጀምሪ። ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሆነ ቡናው መሃል ላይ ይፈላ። ትልልቆቹም የልጅነታቸውን ያስታውሳሉ። «ጤዛ»ን ለልጆች አታሳዪ፣ ከባድ ነው። ለአዋቂዎች ለብቻው ቀን ይኑረው። የሊዮኔን ስትከፍቺ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ለረጅም ደቂቃ ሙዚቃ የለም። የንፋስ ወፍጮ ሲንቋቋ፣ ዝንብ ሲጮህ፣ ውሃ ባርኔጣ ላይ ሲንጠባጠብ ነው የምትሰሚው። ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብላችሁ እንዳታሳልፉት። አርሞኒካው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።