ፎርሙን ከማሳጠርሽ በፊት ሰው የት ጋ እንደሚቆም እዪ

ሰላም እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የጠየቅሽውን አየሁት። በኢንተርኔት የሚሞላው የስልጠና መመዝገቢያ ፎርማችን 6 ገጽ ነው፣ ሰው ይጀምርና መሀል ላይ እየተወው "አቃተኝ" ብሎ ይደውላል፣ ሁሉንም አንድ ገጽ ላድርገው ወይ ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ ይስተካከላል። እኔ ደሴ ፒያሳ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ፎርም ስሞላ ነው የምውለው፣ እና እንዳየሁት ሰው የሚተወው ገጹ ስለበዛ አይደለም፣ እጁ ላይ የሌለ ነገር ሲጠየቅና የሞላው ሲጠፋበት ነው።

አንዲት እናት ከኩታበር ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው አራት ገጽ ሞላን፣ አምስተኛው ላይ የልጁን የ12ኛ ክፍል ፈተና መለያ ቁጥር ጠየቀ፣ ወረቀቱ ደግሞ ቤት ነው ያለው። ፎርሙ እዚህ ጋ አቁመህ ነገ ቀጥል የሚል ነገር የለውም። በማግስቱ ሌላ የትራንስፖርት ብር ከፍለው ሲመጡ ከዜሮ ጀመርን፣ እኔ እስካሁን ያንገበግበኛል። መጀመሪያው ገጽ ላይ "መታወቂያ፣ የ12ኛ ክፍል ወረቀት፣ የሚሰራ ስልክ ቁጥር ይያዙ፣ 10 ደቂቃ ይፈጃል" የሚል ሁለት መስመር ቢኖር ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስለዚህ አንድ ገጽ አታድርጊው። በስልክ ለሚሞላ ሰው ረጅም ገጽ ወደ ታች ሲስቡት ይውላል፣ ስህተት ቢኖር እንኳን የቱ ጋ እንደሆነ አይገኝም። ገጹን በጉዳይ ክፈይው፣ ስለራሱ አንድ፣ ስለ አድራሻው አንድ፣ ስለ ትምህርቱ አንድ፣ ስለሚፈልገው ስልጠና አንድ። ቀላሉን አስቀድሚ፣ ወረቀት የሚያስፈልገውን ወደ ኋላ አድርጊ። "ገጽ 2 ከ4" የሚል ከላይ ይኑረው። ጎግል ፎርም ከሆነ የምትጠቀሚው ሴክሽን (እንደ አንድ ገጽ የሚቆጠር ክፍል ማለት ነው) እየጨመርሽ፣ በመልሱ ወደ ሌላ ሴክሽን እንዲዘል ማድረግ ትችያለሽ፣ ከዚህ በፊት ሰልጥኖ የማያውቅን ሰው የቀድሞ ሰርተፍኬቱን መጠየቅ ምን ያደርጋል?

ስህተቱንም "ቀጣይ" ሲል እዛው ገጽ ላይ ንገሪው እንጂ መጨረሻ ላይ ሰብስበሽ አትጣይበት። ደግሞ በአማርኛ ሁኖ ምን እንደሚያስተካክል የሚናገር ይሁን፣ "ስልኩ 10 አሃዝ አልሞላም" ማለትና "ስህተት" ማለት አንድ አይደለም። ወደ ኋላ ቢመለስም የሞላው መጥፋት የለበትም።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር፣ የኛን ሰው ስምና አድራሻ። "የመጀመሪያ ስም" እና "የመጨረሻ ስም" የሚል ሳጥን ሳይ እደነግጣለሁ፣ አንዱ የአባቱን ይጽፋል ሌላው የአያቱን፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለሽ ሶስት ሳጥን አድርጊው በቃ። አንድ ፎርም ደግሞ ስም ቢያንስ 3 ፊደል ይሁን ብሎ "አሊ"ን አልቀበልም አለኝ! በአማርኛ ሁለት ፊደል ነዋ፣ ወሎ ላይ ስንት አሊ አለ፣ ያን ሁሉ ሰው ስምህ ስህተት ነው ማለት ነው። በእንግሊዝኛም ካስፈለገሽ "መታወቂያዎ ላይ እንዳለው" በይ፣ አለዚያ ሰይድን አምስት ሰው አምስት ዓይነት ይጽፈዋል። ፍለጋ ላይም ሀሰንና ሐሰን የተለያዩ ሰዎች ሁነው እንዳይቀሩ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አድርጊያቸው።

አድራሻ ላይ ዞን ግዴታ አድርገሽ ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ ብቻ ደርድረሽ ከሆነ የከሚሴው ልጅ የት ይግባ? የሱ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። የደሴና የኮምቦልቻው ሰው ደግሞ ከተማ አስተዳደር ነው፣ ክፍለ ከተማ እንጂ ወረዳ ሲሉት ይደናገራል። መጀመሪያ ከተማ ነው ገጠር ብለሽ ጠይቂና በሱ ክፈይው።

ልደት ላይ ካላንደር አውጥቶ የሚያስነካው ነገር ለሰው መከራ ነው፣ 1990 ለመድረስ ስንት ጊዜ ይነካል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ለይተሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠይቂ፣ ጳጉሜን እንዳትረሺ፣ ወደ ፈረንጅ መቀየሩን አንቺ ወይ ሲስተሙ ይስራው። በግምት ዓመቱ ላይ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መደመር ነው፣ ሰውየው ይሄን እያሰላ እንዲሞላ አታድርጊው። ስልክ በ09ም በ07ም ይጀምር፣ በ+251ም ይምጣ፣ ክፍተትም ይኑረው፣ ተቀበይና ራስሽ አስተካክይ።

ኢሜይል ግዴታ ከሆነ አንሺው፣ ግማሹ ሰው እዚህ እኛ ጋ መጥቶ የተከፈተለትን ነው ያለው፣ ፓስወርዱንም አያስታውሰውም። የመታወቂያ ፎቶ ማስገባትም እንዲሁ፣ ጎግል ፎርም ላይ ፋይል ማስገቢያ ካለ በጂሜይል ግቡ ይላል፣ ብዙ ሰው እዛ ነው የሚቀረው። በጂሜይሉ ገብቶ ከሆነ ጥቅም አለው፣ የጀመረውን እስከ 30 ቀን ይይዝለታል፣ ግን ጂሜይል የሌለውን ሰው በር ላይ ትመልሺዋለሽ። ፎቶውን ከተመዘገበ በኋላ በቴሌግራም ተቀበይው።

ከመላኩ በፊት የሞላውን ሁሉ የሚያሳይ አንድ ገጽ፣ ከላከ በኋላ ደግሞ "ደርሶናል፣ ቁጥርዎ ይሄ ነው" የሚል ይኑር፣ ይሄ ከሌለ ሰው ሶስቴ ይልካል።

ይሄን ካደረግሽ በኋላ ጎረቤትሽን ወይ የምታውቂያትን እናት በራሷ ስልክ እንድትሞላው ስጫትና አጠገቧ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ እንዳትረጃት፣ ጣቷ የቆመበትን ብቻ ጻፊ። ሊንኩን ላኪልኝ፣ እኔም ነገ ጠዋት ለሚመጣ ሰው በስልክ አስሞልቼ የቆሙበትን እነግርሻለሁ።