ከፒብልስ ኤ72ን በተቻለ መጠን ሸሽቶ መዞር

በኮርሳ ሳይክል በስኮትላንድ ካለችው ፒብልስ ከተማ ተነስተህ በሜጌት ግድብ በኩል ለመዞር፣ ግን የዋናውን መንገድ የኤ72ን መኪና ለመሸሽ ነው የጠየቅከው። በኤ72 ፋንታ ቢ7062ን ያዝ። ከተማው ውስጥ የትዊድን ድልድይ እንደተሻገርክ ወደ ግራ ታጠፍ። ወንዙን ይዞ ትራኩዌር ያደርስሃል።

ከዚያ፦

1. ትራኩዌር ላይ በቢ709 ወደ ደቡብ፣ ዳገቱን ወጥተህ ጎርደን አርምስ የሚባለው መስቀለኛ መንገድ።
2. ወደ ቀኝ በኤ708። ሴንት ሜሪስ ሐይቅ ዳር ስትደርስ የሜጌትን ጠባብ መንገድ በቀኝ ታገኘዋለህ።
3. የሜጌት ግድብ፣ የታላ ግድብ፣ ትዊድስሚውር መንደር። ከዚያ በኤ701 እስከ ብሮተን አቅራቢያ፣ በቢ712 እስከ ኤ72። ወደ ፒብልስ የሚያስገቡት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ግን በኤ72 ላይ ናቸው።

ዙሩ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃና ዳቦ ከፒብልስ ያዝ፤ መሃል ላይ ሱቅ አትጠብቅ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ወደ ታላ የሚወርደው ቁልቁለት 20 በመቶ ገደማ ነው። እኔ ዝናብ ላይ ወርጄው ጣቶቼ ከብርዱ የተነሳ ፍሬን መያዝ አቅቷቸው ነበር። መንገዱ ላይ ከብት እንዳያልፍ የተጋደመ የብረት ርብራብ አለ። ከመድረስህ በፊት ፍጥነት ቀንስ፣ እላዩ ላይ ግን ፍሬን እንዳትነካ፣ መሪህን ቀጥ አድርገህ እለፍ። በጎቹ ደግሞ መንገዱን የራሳቸው አድርገውታል።