ከመርዙ በፊት በረዶውን አዘጋጂ

እህቴ፣ «በቦርከና ዳር ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ የእንቁራሪትን አንጎል ምን ያደርገዋል? ለመመረቂያ ጽሑፌ እንዴት ልለካው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ወሎ ይህንኑ ሠርቼ ስለ ተመረቅሁ የሚያንገላታሽን አውቀዋለሁ።

1. መርዙን ከነመለያው ግዢ፤ በውኃ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠውን እንዳትነኪ። ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ የተባሉት ፀረ ተባዮች አሴቲልኮሊንኢስቴሬዝ የተባለውን ኢንዛይም አስረው ሥራ ያስፈቱታል። ያን ጊዜ አሴቲልኮሊን፣ ማለትም ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፍበት ኬሚካል፣ ሳይፈርስ ይከማቻል፤ እንስሳው ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስም ይሽመደመዳል። ፓይሬትሮይድ የተባለው ሌላ የፀረ ተባይ ዓይነት ከሆነ ግን የሚያውከው የነርቩን የሶዲየም መተላለፊያ ነው፤ ኢንዛይሙን በመለካት ጉዳቱን አታገኚውም።

2. ማላታዮንን በተፈጨ አንጎል ላይ አፍስሰሽ ብዙ ለውጥ አትጠብቂ። የሚበረታው ሰውነት ውስጥ ማላኦክሶን ወደ ተባለው የበረታ መርዝ ሲለወጥ ነው። ይህን ስናገር የሳቁብኝ መምህር ነበሩ፤ በመመረቂያዬ ቀን ግን አልሳቁም።

3. ቅዝቃዜ። ካርባሪልን የመሰሉ ካርባሜት የሚባሉ ፀረ ተባዮች ኢንዛይሙን የሚይዙት ለጊዜው ነው። ናሙናው ሙቀት ላይ ከዋለ ይለቁታል፤ መርዝ የቀመሰው አንጎል ጤነኛ መስሎ ይታያል። እኔ ናሙናዬን ይዤ አንድ ቤተ ሙከራ ብደርስ ኃላፊው የደብዳቤዬ ማኅተም ደብዝዟል አሉ። እየቀለጠብኝ ነው ብላቸው «ለእንቁራሪት አንጎል ብለን ማቀዝቀዣ አንከፍትም» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ተማሪ ያቀረበውን ሁሉ ጨዋታ የሚያደርጉ ሰዎች እስከ ዛሬ ያናድዱኛል! ያዳነኝ ከሐይቅ ዓሣ የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ምን እንደያዝሁ እንኳ ሳይጠይቅ «አብሽር፣ ዋናው እንዳይሸት ነው» ብሎ ሣጥኔን በበረዶ ሞላልኝ። በመመረቂያ ጽሑፌ ምስጋና ገጽ ላይ ከመምህራኑ አስቀድሜ ያሰፈርሁት እሱን ነው።

የኢንዛይሙ መለኪያ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የኤልማን ዘዴ ነው፤ የሚወጣው ቢጫ ቀለም በ412 ናኖሜትር ይነበባል። መርዝ ያልነካቸውን እንቁራሪቶችም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በረዶ ላይ አስቀምጪ፤ አለበለዚያ ልዩነቱ ከመርዙ ይሁን ከሙቀቱ መለየት አይቻልም። ደግሞም እንቁራሪቷ ስለ ዘለለች ደህና ናት አትበዪ፤ የአንጎል ኢንዛይሟ እነዚህን መርዞች ከአጥቢዎች ይልቅ ይቋቋማል፣ ብዙው ታስሮባትም በሕይወት ልትቆይ ትችላለች።

ደብዳቤሽን በሁለት ቅጂ አስመቺ፤ ማኅተሙም ፊርማውን ሳይሸፍን በደንብ ይታይ።